በዝናብ መዝገብ ላይ ባዶ ቦታ ዜሮ አይደለም

ወልድያ፦ የወቅት ትንበያ በሬዲዮ ሲነገር ሦስት አባባሎች ይደጋገማሉ፤ «ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ» እና «ከመደበኛ በታች»። በሐራ ሜዳ በሬውን ጠምዶ ሰማይ ሰማይ የሚያይ አርሶ አደርም፣ በመርሳ ገበያ የጤፍ ዋጋ የሚጠይቅ የከተማ ነዋሪም ይህን ይሰማል። አንዱ ይቀበለዋል፤ ሌላው «እነሱ ምን ያውቃሉ» ብሎ ያልፈዋል። ይህ መደበኛ የተባለው ነገር ምንድን ነው? ማን ለካው? የት ተጻፈ? ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ጥያቄው የባለሙያዎች ብቻ ይምሰል እንጂ የዘር ቀን፣ የመድን ካሳ፣ የዕርዳታ እህልና የድልድይ ስፋት የሚወሰኑት በመልሱ ነው።

በዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ሥርዓት መሠረት «መደበኛ» የ30 ዓመት አማካይ ነው። አሁን በመነሻነት የሚያገለግለው ዘመን እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2020 ያለው ሲሆን፣ ዕለታቱ ቢቆጠሩ 10 ሺህ 958 ይሆናሉ። እያንዳንዱ ዕለት የራሱን ቁጥር ይፈልጋል። ቁጥሩን የሚያስገኘው ደግሞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ወደ ዝናብ መለኪያው ሄዶ፣ የተጠራቀመውን ውኃ ለክቶ፣ በቅጹ ላይ የሚጽፍ አንድ ሰው ነው። በሬዲዮ የሚነገረው አጭር ቃል የእነዚያ ሁሉ ጠዋቶች ድምር ነው፤ ጠዋቶቹ ከጎደሉ ቃሉም ይጎድላል።

ልኬቱ በራሱ ከባድ አይደለም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ወረደ ማለት ነው። ጥማዱን ሩብ ሄክታር ብለን ብንወስደው፣ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ጥማድ ላይ 50 ሺህ ሊትር ያፈሳል፤ 200 ሊትር በሚይዝ በርሜል ሲሰፈር 250 በርሜል መሆኑ ነው። በሀገራችን ካሉት ጣቢያዎች አንዳንዶቹ ዝናብን ብቻ ይለካሉ፤ ሌሎቹ የቀኑን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት ይጨምራሉ፤ ዋና የሚባሉት ደግሞ ነፋስን፣ እርጥበትንና የፀሐይ ብርሃን ሰዓትን ሁሉ ይመዘግባሉ። ከየጣቢያው የሚሞላው ቅጽ ወደ ሚቲዎሮሎጂ ማዕከል ይላካል፤ ለምሥራቅ አማራ ይህን አገልግሎት የሚሰጠው ማዕከል መቀመጫው ኮምቦልቻ ነው።

አስቸጋሪው ማስቀመጡ ነው። የተለካው ነገር ሁሉ ከተለካበት ሰዓትና ቦታ ጋር ተሳስሮ፣ ቀን በቀን ሳይቋረጥ ሲደረደር ባለሙያዎች «የጊዜ ተከታታይ መረጃ» ይሉታል። ለወሎ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ የቅሬ መዝገብ እንዲሁ ነው። ጸሐፊው ማን፣ ስንት፣ በየትኛው ወር እንደከፈለ ይጽፋል። ገንዘቡ ተጽፎ ወሩ ካልተጻፈ፣ ሐዘን በመጣ ቀን ክርክር ይነሣል። ዝናብም እንዲሁ ነው፤ «34 ሚሊ ሜትር» የሚል ቁጥር መቼና የት እንደተለካ ካልታወቀ ለማንም አይጠቅምም።

ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት ትንሽ የሚመስለው ነው። ዝናብ ባልዘነበበት ቀን ታዛቢው «ዜሮ» ይጽፋል። ታዛቢው ታሞ፣ መንገድ ተዘግቶ ወይም ጸጥታ ደፍርሶ ሳይነበብ በቀረ ቀን ግን ቦታው ባዶ ይቀራል። ዜሮ «አይቻለሁ፣ ዝናብ የለም» ማለት ነው፤ ባዶ ደግሞ «አላየሁም» ማለት ነው። ወረቀቱ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ሁለቱ ከተቀላቀሉ መዝገቡ ያልተፈጠረ ድርቅ ይፈጥራል።

አንድ የስሌት ምሳሌ እንውሰድ። በዐሥር ቀናት ውስጥ በሰባቱ ቀን መለኪያው ተነብቦ በድምሩ 35 ሚሊ ሜትር ተገኘ፤ ሦስቱ ቀን ሳይነበብ ቀረ እንበል። ባዶዎቹን ዜሮ ብሎ የሚቆጥር ሰው «የዐሥሩ ቀን ዝናብ 35 ነው» ይላል። የተነበቡትን ቀናት ብቻ ይዞ አማካዩን የሚያሰላ ሰው በቀን 5፣ ለዐሥሩ ቀን 50 ሊሆን ይችላል ብሎ ይገምታል። የድርቅ መስመሩ 40 ላይ ቢሰመር በአንደኛው ስሌት ድርቅ ገብቷል፤ በሁለተኛው አልገባም። መሬቱም፣ ሰማዩም፣ ሰብሉም ያው ናቸው። ሌላም አለ፤ በብዙ የመረጃ ቋቶች የጎደለ ቀን «ሲቀነስ 99.9» ተብሎ በምልክትነት ይጻፋል። ምልክቱን እንደ ልኬት ቆጥሮ የሚደምር ቢገኝ የእነዚያ ዐሥር ቀናት ዝናብ ሲቀነስ 264.7 ይሆናል። ከምድር ወደ ሰማይ የዘነበ ዝናብ ማለት ነው! ይህኛው የሚያስቅ ስለሆነ ወዲያው ይያዛል። የሚያስፈራው በዝምታ ዜሮ ተብሎ ያለፈው ነው።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። ታዛቢው ሦስት ቀን ቀርቶ በአራተኛው ጠዋት ሲመለስ መለኪያው ውስጥ የተጠራቀመውን ሁሉ የአንድ ቀን ዝናብ አድርጎ ከጻፈው፣ በመዝገቡ ላይ ያልነበረ ዶፍ ይወለዳል። ከዓመታት በኋላ የውኃ መውረጃ ቦይ የሚነድፍ መሐንዲስ ያን ቀን አይቶ ይደነግጣል። መልካም መዝገብ እንዲህ ያለውን ቁጥር ከጎኑ «የሦስት ቀን ጥርቅም» የሚል ማስታወሻ ይዞ ያስቀምጠዋል።

የሰዓትና የዘመን አቆጣጠር ጉዳይ ደግሞ በእኛ ሀገር የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ታዛቢው «3 ሰዓት» ብሎ የሚያነበው ሰዓት በቢሮ አጻጻፍ 9፡00 ነው፤ በዓለም አቀፉ ሰዓት የሚሠራ አውቶማቲክ መሣሪያ ደግሞ 6፡00 ብሎ ይመዘግበዋል። ሦስቱም አንድ ቅጽበት ናቸው። በዚህ ላይ ሰኞ ማታ የዘነበው የሚነበበው ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ በየትኛው ቀን ስም እንደሚጻፍ አስቀድሞ አንድ ደንብ ካልተያዘ፣ የሁለት ጎረቤት ጣቢያዎች መዝገብ በአንድ ቀን ይዛነፋል። ወሮቹም አይገጥሙም። አርሶ አደሩ «የነሐሴ ዝናብ» ሲል የሚያስበው በፈረንጆቹ ኦገስት ተብሎ የሚደመረውን አይደለም፤ ነሐሴ የሚጀምረው ኦገስት ከገባ ስድስትና ሰባት ቀን ቆይቶ ነው። ጳጉሜንም በ12 ዓምድ በተሠራ ሠንጠረዥ ውስጥ ቦታ የላትም። አርሶ አደሩና ባለሙያው በስብሰባ ላይ ሳይግባቡ የሚቀሩት አንዳንዴ በሐሳብ ተለያይተው ሳይሆን በወር ተለያይተው ነው። የአካባቢያችን ሙስሊምም ሆነ ክርስቲያን እርሻውን የሚቆጥረው በፀሐይ ወራት ነው፤ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ስለሚቀድም ለዘር ቀን ምልክት አይሆንም። ስለዚህ ቢያንስ ለገበሬው የሚቀርበው መረጃ በሀገሩ ወር ተመንዝሮ ቢቀርብ ትርጉም ይኖረዋል።

ወደ አካባቢያችን መዝገብ እንምጣ። የአዲስ አበባ የዝናብ መዝገብ የሚጀምረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ነው። የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት ራሱን ችሎ በአዋጅ የተቋቋመው ደግሞ በ1973 ዓ.ም ሲሆን፣ ተቋሙ ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል። ከዚያ ቀደም ሲል ሥራው በሲቪል አቪዬሽን ሥር ነበር፤ ለአውሮፕላን እንጂ ለማረሻ የታሰበ አልነበረም። በዚህም የተነሣ ብዙ ጣቢያዎች የተተከሉት በከተሞችና በዋና መንገድ ዳር ነው። ወልድያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ሲሪንቃ 1 ሺህ 850 ሜትር ገደማ ነው፤ ሐራ ደግሞ ወደ አፋር በሚወርደው ቆላ ላይ ትገኛለች። ደመናው ተራራው ላይ ሲራገፍ ቆላው ብዙ ጊዜ ነጎድጓዱን ሰምቶ ይቀራል። የአንዱን ዝናብ ለሌላው ማበደር አይቻልም።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር ማንሣት ይገባል። የኢትዮጵያን ዝናብ ውጤት ረጅም ዘመን የመዘገበው መዝገብ የተጻፈው ካይሮ ነው። ከደጋችን የሚወርደው የክረምት ጎርፍ የዓባይን ሙላት ስለሚወስን፣ በሮዳ ደሴት የነበረው የወንዙ መለኪያ እ.ኤ.አ. ከ622 ጀምሮ የተያዘ የውኃ ከፍታ ዝርዝር ትቶልናል። የዓለም ተመራማሪዎች የደግና የክፉ ዘመን መፈራረቅን ያጠኑት በዚያ ዝርዝር ነው። ለሐራና ለሀብሩ ግን ያም አይጠቅምም፤ አለውሃም ሆነ የአካባቢው ሌሎች ወንዞች የሚወርዱት ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር ነው። የእኛን ዝናብ ሌላ ሰው አልመዘገበልንም።

እኛ የመዘገብነውም ቀዳዳ አለው። በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል የሚገኙ ብዙ ጣቢያዎች መዝገብ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ በነበረው የርስ በርስ ጦርነት ዘመን ተቆራርጧል። ወሎ በ1977 ዓ.ም ድርቅ የተመታችው በዚሁ ዘመን ነው። መረጃው እጅግ በሚያስፈልግበት ጊዜ፣ መረጃውን የሚሰበስበው ሰው ራሱ ተሰዷል ወይም መንገዱ ተዘግቶበታል። ተመሳሳይ ፈተና ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ድረስ ደርሷል፤ በአካባቢያችን ለማሽላና ለሌሎች የቆላ ሰብሎች ምርምር ማዕከል የሆነው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል በዚያ ጦርነት ከባድ ዘረፋና ውድመት ደርሶበታል። የተሰበረ መሣሪያ ሊተካ ይችላል። ያልተነበበ ጠዋት ግን አይተካም። የተዘረፈ ወንበር በግዢ ይመለሳል፤ ብቸኛ ቅጂው የተቃጠለ መዝገብ በምንም አይመለስም። የመረጃ አያያዝ የመጀመሪያው ሕግ ቅጂዎችን በተለያዩ ከተሞች ማስቀመጥ የሆነው ስለዚህ ነው።

ቀዳዳውን ለመድፈን የተሠራ ሥራ መኖሩን መካድ አይገባም። ኢትዮጵያዊው የአየር ንብረት ተመራማሪ ቱፋ ዲንቁ በአሜሪካ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከሚገኘው የአየር ንብረት ምርምር ተቋም ጋር ሆነው የመሩትና «ኢናክትስ» የተባለው ሥራ ከኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ተቋም ጋር በሀገራችን ተጀምሮ ኋላ ወደ ሌሎች የአፍሪካ ሀገራት ተስፋፍቷል። ሐሳቡ ይህ ነው፤ ሳተላይት ከሰማይ የደመናውን አናት ቅዝቃዜ እያየ ዝናቡን ይገምታል፤ ከምድር ደግሞ ጣቢያዎች ትክክለኛውን ልኬት ይሰጣሉ። ሁለቱ ሲዋሐዱ ሀገሪቱ በአራት በአራት ኪሎ ሜትር ተከፋፍላ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ያለው ዝናብ በየዐሥር ቀኑ ይታያል። ጣቢያ በሌለበት መንደር እንኳ ግምት ተገኘ ማለት ነው።

ግን ግምት ነው። ሳተላይቱ የሚያየው ደመናን እንጂ ጠብታን አይደለም። ተራራ ዳር ዝቅ ብሎ የሚያካፋ ደመና አናቱ ብዙም ስለማይቀዘቅዝ የሰማዩ ዓይን ሊያልፈው ይችላል። የሚያርመው የምድሩ ጣቢያ ነው፤ የምድሩ ጣቢያ መዝገብ ባዶውን ዜሮ ብሎ ከያዘ ደግሞ እርማቱ ራሱ ያሳስታል። ዘመናዊው ሥራ የአሮጌውን ወረቀት ጥራት አይተካም፤ ይልቁንም ይበልጥ ይፈልገዋል።

ይህ ሁሉ ለሐራ አርሶ አደር ምን ያደርግለታል? በአካባቢያችን ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ይጠበቃል፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት። የቆላው ትልቅ ውሳኔ የሚወድቀው በሚያዝያ ነው። በበልጉ እርጥበት እንደ ጅጉርቲና ደጋሊት ያለውን ዘግይቶ የሚደርስ ማሽላ የዘራ ሰው፣ ክረምቱ ከሰመረለት ጥሩ ምርትና ለከብቱ የሚተርፍ አገዳ ያገኛል። በልጉ አታሎት ከቀረ ግን ዘሩንም ጉልበቱንም አጥቶ በሰኔ መጨረሻ እንደገና ያርሳል፤ ያን ጊዜ የሚቀረው ፈጥኖ የሚደርሰው ነው፤ ጤፍ፣ ማሾ ወይም ከሲሪንቃ እንደወጣው ግራና-1 ያለ የማሽላ ዝርያ። ሁለት ጊዜ መዝራት ሁለት ጊዜ መበደር ነው።

ለዚህ ውሳኔ የወር ድምር አይበቃም። በሚያዝያ 60 ሚሊ ሜትር ዘነበ ቢባል፣ በየሳምንቱ እየተከፋፈለ የወረደ እንደሆነ ቡቃያው ይጸድቃል፤ በሁለት ቀን ወርዶ 28 ቀን ፀሐይ የወጣ እንደሆነ ይደርቃል። ድምሩ ግን አንድ ነው። ባለሙያዎች የወቅቱን እውነተኛ መግቢያ ለመለየት ለምሳሌ በሦስት ተከታታይ ቀናት 20 ሚሊ ሜትር መዝነቡን፣ ከዚያም በሚቀጥሉት 30 ቀናት ውስጥ ከዐሥር ቀን ያለፈ ደረቅ ጊዜ አለመግጠሙን ይመለከታሉ። ይህን ማስላት የሚቻለው ዕለታዊው ቁጥር ሳይደመርና ሳይጠፋ ተቀምጦ ከተገኘ ነው። ቦታ ለመቆጠብ ብሎ የወሩን ድምር ብቻ ያስቀረ ቢሮ ለገበሬው የሚያስፈልገውን ጥሏል።

«ዝናቡ ከድሮው ቀንሷል» የሚለውም ክርክር በዚሁ ነው የሚፈታው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ምሁር ወልደአምላክ በውቀትና ዲክላን ኮንዌይ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት በአማራ ክልል የሚገኙ 12 ጣቢያዎችን ዕለታዊ ዝናብ መርምረው፣ ለክልሉ ሁሉ የሚሠራ አንድ ወጥ አዝማሚያ አላገኙም፤ የአንዱ ጣቢያ ዝናብ ሲጨምር የሌላው ይቀንሳል። ውጤቱ የሽማግሌዎችን ትዝታ ሐሰት አያደርገውም። ገበሬው «ዝናብ ቀነሰ» ሲል ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ዓመቱ ድምር ሳይሆን፣ ዘግይቶ ስለመግባቱና ፈጥኖ ስለመውጣቱ ነው። ደግሞም መነሻው ወሳኝ ነው፤ መዝገቡ ከ1977 ዓ.ም ድርቅ ከጀመረ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ የጨመረ ይመስላል፤ ከድርቁ በፊት ከነበሩት ደግ ዓመታት ከጀመረ ደግሞ የቀነሰ ይመስላል። አጭር መዝገብ የያዘ ሰው የፈለገውን ማሳየት ይችላል። የረጅም መዝገብ ዋጋው ይህን ማታለያ መዝጋቱ ነው።

ገንዘብ ሲገባበት ነገሩ ይበልጥ ይከርራል። በ2001 ዓ.ም በትግራይ አዲ ሓ በተባለች መንደር 200 ያህል አባወራዎች የዝናብ መድን ገዙ፤ ሥራው በኋላ በዓለም ምግብ ፕሮግራምና በኦክስፋም አሜሪካ ትብብር ሰፍቶ ወደ ክልላችንም ተሻግሯል። በ2005 ዓ.ም ከ12 ሺህ በላይ አርሶ አደሮች ዝናቡ አጥሮ በመገኘቱ ካሳ ተከፍሏቸዋል። በዚህ ዓይነት መድን ማሳ ሄዶ የሚያይ የለም፤ ካሳ የሚከፈለው የተመዘገበው ዝናብ ከተወሰነው መስመር በታች ሲወርድ ነው። ወጪው የቀነሰውም ለዚህ ነው፤ ድሀው ገበሬ ሊገዛው የቻለው ወጪው በመቀነሱ ነው። ይሁን እንጂ ማሳው ደርቆ መዝገቡ «በቂ ዘንቧል» ካለ ገበሬው አያገኝም። ውሉን ከመፈረሙ በፊት «የእኔ ቀበሌ ዝናብ የሚለካው ከየትኛው ጣቢያ ወይም ከየትኛው የሳተላይት ግምት ነው? የጎደለ ቀን ሲገጥም እንዴት ይሰላል?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። ሻጩም ሊመልስለት ይገባል።

አውቶማቲክ ጣቢያዎች መበራከታቸው መልካም ዜና ነው። በየ15 ደቂቃው የሚለካ መሣሪያ በቀን 96፣ በዓመት 35 ሺህ 40 ጊዜ ያነባል፤ ስድስት ዓይነት ነገር ቢለካ ቁጥሩ ከ210 ሺህ ያልፋል። ብዙ ይመስላል እንጂ ይህ ሁሉ በእጅ ስልክ ላይ ከጥቂት ፎቶግራፎች የበለጠ ቦታ አይዝም። የሚከብደው ማስቀመጫው አይደለም፤ ጥንቃቄው ነው። በክልላችን ባለፉት ዓመታት የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት በተደጋጋሚ ተቋርጧል። እንዲህ ሲሆን መሣሪያው ልኬቱን በሆዱ ይዞ ይቆይና መስመር ሲመለስ ይልካል፤ ተቀባዩ ቋት የዘገየውን መረጃ በደረሰበት ቀን ሳይሆን በተለካበት ሰዓት ሥር ማስገባት አለበት። ባትሪው የደከመ፣ ማጥለያው በቅጠልና በወፍ ላባ የተደፈነ መሣሪያም አለ፤ እርሱ ባዶውን ለይቶ አያውቅም፤ ዝናብ እየወረደ «ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ» እያለ ይልካል። ስለዚህ የሰው ዓይን አሁንም ያስፈልጋል።

ስሕተት ሲገኝ ደግሞ መታረም እንጂ መደምሰስ የለበትም። መጀመሪያ የተነበበው ቁጥር እንዳለ ይቀመጣል፤ የታረመው ከጎኑ ይጻፋል፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳረመው ይጠቀሳል። ጣቢያው ከትምህርት ቤት ግቢ ወደ ጤና ጣቢያ ግቢ ከተዛወረ፣ ከመለኪያው አጠገብ ባሕር ዛፍ ካደገ ወይም ፎቅ ከተሠራ ያም ይመዘገባል። አለበለዚያ ዛፉ የጋረደው ዝናብ ከ20 ዓመት በኋላ «የአየር ንብረት ለውጥ» ተብሎ ይነበባል።

የከተማው ነዋሪም ከዚህ አያመልጥም። በወልድያና በመርሳ የሚሠራ የጎርፍ መውረጃ ቦይ፣ ከአዋሽ ተነሥቶ ሐራ ገበያ ድረስ በተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ሥር ያለ የውኃ ማሳለፊያ፣ በቆቦ ግራና ሸለቆ የሚነደፍ የመስኖ ግድብ፣ ሁሉም «በ25 ወይም በ50 ዓመት አንድ ጊዜ የሚደርስ ዶፍ ስንት ነው?» ከሚል ጥያቄ ይነሣሉ። የ15 ዓመት የተቆራረጠ መዝገብ ይዞ የ50 ዓመቱን ዶፍ የሚገምት መሐንዲስ ወይ ቦዩን አጥብቦ ጎርፉን ገበያ መሐል ይለቀዋል፣ ወይ ከልክ በላይ አስፍቶ ለሌላ መንገድ የሚበቃ ሲሚንቶ ይቀብራል።

በዚህ ጸሐፊ እምነት ሁለት ነገሮች ብዙ ገንዘብ ሳይጠይቁ ሊደረጉ ይችላሉ። አንደኛው፣ በየማዕከሉ ሣጥን ውስጥ ያሉ አሮጌ ቅጾች ፎቶግራፍ ተነሥተው ከአንድ በላይ ከተማ ውስጥ መቀመጣቸው ነው። ሁለተኛው፣ መዝገቡ ወደ ተለካበት ቀበሌ መመለሱ ነው። ጣቢያ ባለበት ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ያለፉት 30 ዓመታት በልግ በየትኛው ቀን እንደገባ፣ ስንት ጊዜም እንደከዳ የሚያሳይ አንድ ወረቀት ቢለጠፍ፣ የጎደሉት ዓመታትም «አልተለካም» ተብለው በግልጽ ቢጻፉ፣ ገበሬው «ከመደበኛ በታች» የሚለውን ቃል የሚመዝንበት ነገር ያገኛል። ትንበያውም ሲነገር መደበኛው በሚሊ ሜትር ስንት እንደሆነ አብሮ ቢነገር መልካም ነው።

ማሊ ከብዙ ሀገሮች ቀድማ ይህን መንገድ ይዛለች። ከከባዱ የሳህል ድርቅ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1982 በጀመረችው ሥራ ለገበሬዎች ራሳቸው ርካሽ የፕላስቲክ ዝናብ መለኪያ ታደለ፤ ገበሬው እየለካ፣ የሚቲዎሮሎጂው መሥሪያ ቤት ደግሞ በየዐሥር ቀኑ እየመከረ፣ የዘር ቀን በልኬት መወሰን ጀመረ። እኛም ዘንድ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። አፉና ወገቡ እኩል የሆነ፣ ቂጡ ጠፍጣፋ ጣሳ፤ አንድ ማስመሪያ፤ አንድ ደብተር። ጣሳው ከቤትና ከዛፍ ርቆ፣ ቢያንስ የዛፉን ቁመት እጥፍ ያህል ተነጥሎ፣ ነፋስ እንዳይጥለው በሦስት ድንጋይ መሐል ይቀመጣል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የውኃው ጥልቀት በሚሊ ሜትር ይለካና ጣሳው ይደፋል። ፊደል የቆጠረች ልጅ በቤቱ ካለች ትጽፋለች፤ ቀኑን፣ ልኬቱን፣ ካልዘነበ «0»፣ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ተሂዶ ካልታየ «አልታየም»። ከየካቲት መባቻ እስከ ግንቦት መጨረሻ 120 መስመር ይሆናል፤ አንድ ባለ 50 ቅጠል ደብተር የሁለት ዓመት በልግና ክረምት ይበቃዋል።